የተሰበረው መርፌ የት ገባ? ስለ «ጠንካራ አለቃ» ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ስለ አለቅነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም «አንብበው፣ ይጠቅምሃል» ተብሎ ደረሰኝ። አነበብኩት። የጻፉት ሰው ሠራተኛ አስተዳድረው እንደሚያውቁ ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም አይሰለችም። ምክራቸው ስድስት ነው። አለቃ መፈራት አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ሠራተኛ አለቃ ይሁን። ጥፋት ሰው ፊት ይነገር፤ ሌላውም ይማርበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሕግ ይሁን። አለቃ «አላውቅም» አይበል። የዕለቱ ሥራ ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።

በመጨረሻው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በቀሩት አልስማማም። የምናገረው ከማውቀው ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ተነስቼ ነው። ላይን፣ ማለትም ተርታ ተቀምጦ አንዱን ልብስ እየተቀባበለ የሚሰፋ ቡድን፣ መርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ላይን የሚመሩ ልጆችን አሰለጥናለሁ። ባንክ ወይም ሆቴል የምትሠሩ ሰዎችም ግን ነገሩ አይጠፋችሁም።

መጀመሪያ መፈራቱን እንይ። ጸሐፊው «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ነው የሚነሱት። አለቃ ከሠራተኞቹ ጋር ቡና ከጠጣና ከሳቀ ነገ የሚሰማው የለም ባይ ናቸው። ለመወደድ ሲል ማንንም የማይናገር አለቃ መኖሩ እውነት ነው። ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። የሰነፉን ሥራ በጎበዙ ላይ እየደረበ በመጨረሻ ጎበዙንም ያባርራል። ጠቤ መድኃኒቱ ፍርሃት ነው በመባሉ ላይ ነው።

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሲሰበር የሚደረግ ነገር አለ። ሰፊዋ ማሽኗን ታቆማለች። እጇን ታነሳለች። የላይኑ ኃላፊ መጥቶ ስብርባሪውን ይለቅማል፤ ጫፉን፣ ወገቡን፣ ማሽኑ ላይ የቀረውን። ቁርጥራጩ በፕላስተር መዝገብ ላይ ይለጠፋል። ቀኑና የማሽኑ ቁጥር ይጻፋል። ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው አንድ ሙሉ መርፌ ካልወጣቸው አዲስ መርፌ አይሰጥም። አንድ ቁራጭ ከጎደለ ማግኔት ይመጣል፣ ወለሉ ይዳሰሳል፣ አጠገቧ ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ ይፈተሻል። ያቺ የጎደለች ጫፍ የሕፃን ቲሸርት ውስጥ ተሰክታ ባሕር ልትሻገር ትችላለች።

አሁን አለቃው የሚፈራበትን ላይን አስቡ። መርፌው ቀጭ ሲል ልጅቷ መጀመሪያ የምታየው አለቃው የት እንደቆመ ነው። ትናንት ጓደኛዋ ስትሰደብ ሰምታለች። የቀኑ ኮታዋም (ታርጌቷ) ገና አልሞላም። ትልቁን ቁራጭ ኪሷ ትከታለች፣ ከጎረቤቷ መርፌ ትዋሳለች፣ አቀርቅራ ትቀጥላለች። እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ የፋብሪካውን ስም ግን ተዉት። ነገሩ የታወቀው ልብሱ በብረት መፈተሻው ማሽን ሲያልፍ ማሽኑ ሲጮህ ነው። ከዚያ የዚያ ቀን ምርት በሙሉ እንደገና ይፈተሽ ተባለ። የታሸገ ካርቶን ተከፈተ። ሰው እስከ ማታ ቆየ። አለቃው «ለምንድነው ያልነገርሽኝ?» እያለ ሲጮህ አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ዝም። ምን ትበለው?

እኔ አለቃን የምለካው በዚህ ነው። መጥፎ ወሬ በስንት ሰዓት ይደርሰዋል? ጨርቅ ሊያልቅ ነው፣ ኮሌታው ተጣምሞ እየተሰፋ ነው፣ አንዷ ነገ አትመጣም። ይህ በጠዋት ከደረሰው መላ ይመታል። ማታ ከደረሰው የሚቀረው መጮህ ብቻ ነው። የሚፈራ አለቃ ደግሞ መጥፎ ወሬ የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ፊት ለፊት «እሺ ጌታዬ» ይባላል፤ የቀረው ሆድ ይፍጀው ነው።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት እንዳይመስላችሁ። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን ሆስፒታል ውስጥ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶችን አጥንታ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። በደንብ የሚመራ ቡድን ስህተቱ ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። ቁጥሩ ሲታይ ግን በደንብ በሚመሩት ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት በዝቶ ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ነርሶች ስህተታቸውን ይናገራሉ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ይደበቃል። ቶዮታም ሠራተኛው ችግር ሲያይ የሚጎትተው ገመድ በየላይኑ የዘረጋው ለዚሁ ነው። ገመዱ ሲሳብ ኃላፊው ይመጣል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ ላይኑ ይቆማል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስፋፋ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ «አምስቱ ማዎች» ተለጥፈዋል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት… እየተባለ። ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ እጇን ለማንሳት ከፈራች ግድግዳው ላይ ያለው ጌጥ ነው።

ስለ ቡናው ደግሞ ልጨምር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ራስ ምታት የሠራተኛ መልቀቅ ነበር። መነሻ ደመወዙ ያኔ 750 ብር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ። ልጆቹ ለአራት ለአምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አንዷ ለቃ አገሯ ስትገባ የቀሩት ኪራዩን አይችሉትም፤ ስለዚህ እነሱም ተከትለው ይለቃሉ። አለቃው ይህን በሪፖርት አያገኘውም። ከሥራ መልስ ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። ያን ዕለት የሰማ ሰው በማግስቱ አብራት የምትኖር ሌላ ልጅ ያፈላልጋል። ያልሰማው ወሩ ሲያልቅ ሦስት ማሽን ባዶ ያገኛል። ቡናው የጠቀመው ማንን ነው?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሠራተኛ አለቃ ይሁን የሚለው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ብዙ ድርጅት ውስጥም የሚደረገው ይኸው ነው። ጸሐፊው «ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም የሚሠሩት እንዲህ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ኮሌታ መግጠም ከባድ ሥራ ነው። ጨርቁ ይሸሻል፣ ጫፍና ጫፉ አልገጥም ይላል። በአንድ ላይን ውስጥ ኮሌታ አሳምራ የምትገጥም አንዲት ልጅ ካለች የላይኑ ፍጥነት የእሷ ፍጥነት ነው። እሷን አንስታችሁ አለቃ ስታደርጓት ምን ይሆናል? ቦታዋ ላይ አዲስ ልጅ ትቀመጣለች። አዲሷ ትዘገያለች። ለስፌት የታሰረው ጨርቅ (ባንድሉ) ይከመራል። አዲሷ አለቃ ይህን ስታይ አንጀቷ አይችልም፤ «ተነሺ፣ እኔ ላሳይሽ» ብላ ራሷ ማሽኑ ላይ ቁጭ ትላለች። ኮሌታው ይፈጥናል። ግን ከበስተጀርባዋ እጅጌው ላይ ክር አልቆ ሰው ቆሟል፣ ጥራት ተቆጣጣሪዋ (ኪውሲዋ) የመለሰችው ሥራ ወለል ላይ ተቆልሏል፣ መካኒኩን የሚጠራ የለም። አንዲት ምርጥ ሰፊ ጠፋች፣ አለቃም አልተገኘችም። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። የምታውቀውንና የምትኮራበትን ሥራ ነው የሠራችው።

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹን ካነሳን ጉግል ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ለጸሐፊው አይመቻቸውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 የምህንድስና ክፍሉን ያለ አለቃ ሊያስኬድ ሞክሮ ነበር። ጥቂት ወራት ብቻ ነው የቆየው። ሰው የወጪ ደረሰኙንና የእርስ በርስ ጠቡን ይዞ በቀጥታ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ወደሆነው ወደ ላሪ ፔጅ መሄድ ጀመረ። አለቃ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ «ፕሮጀክት ኦክስጅን» ብለው የራሳቸውን አለቆች አጠኑ። ጥሩ አለቃን የሚለዩ ስምንት ነገሮች በቅደም ተከተል ወጡ። አንደኛው ሰውን ማሰልጠንና ማብቃት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዷ ነገር ውስጥ ካልገባሁ አለማለት። የሙያ ችሎታ ስምንተኛ፣ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው። የምህንድስና ኩባንያ ውስጥ! ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን አትርሱ፤ ሥራውን ጨርሶ የማያውቅ አለቃ ይታለላል። ግን መጨረሻ ነው።

በአሜሪካ የሽያጭ ሠራተኞች ላይ ኢኮኖሚስቶች የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም አለ። ብዙ የሸጠ ሰው አለቃ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ አለቃ ሲሆን ግን በእሱ ሥር ያሉት ሰዎች ሽያጭ ይወርዳል። ይልቅ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ይሸጥ የነበረው ሰው የተሻለ አለቃ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልነኩት ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ጎበዙ ሠራተኛ አለቃ ልሁን የሚለው ብዙ ጊዜ ሰው መምራት ስለሚወድ አይደለም። ደመወዝ የሚጨምርበት ሌላ በር ስለሌለ ነው። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ እዚያው ማሽኗ ላይ ሆና ደረጃዋና ደመወዟ የሚያድግበት መንገድ ብትከፍቱላት አለቅነቱን ላትፈልገው ትችላለች። ሙያ በልብ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ኪስ ውስጥም ትንሽ ቢኖር ግን አይከፋም።

ታዲያ ማን ይሁን አለቃ? እኔ የማየው አዲስ ልጅ ስትገባ ማን አጠገብ ሄዳ እንደምትጠይቅ ነው። በየላይኑ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። ፈጣን ላትሆን ትችላለች። ሰው ግን ወደ እሷ ይሄዳል፤ እሷም «ነይ፣ አሳዪኝ» ትላለች እንጂ ፊቷን አታዞርም።

ሦስተኛው፣ ጥፋትን ሰው ፊት መናገር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አደጋ ከሆነ ጩኹ፤ የሰው እጅ የመቁረጫው ቢላ ሥር ሊገባ ሲል «ወደ ቢሮ ና» አይባልም። ከዚያ ውጭ ግን ሰው የተሰደበበትን ቀን አይረሳም፤ የተሰደበበትን ምክንያት ግን ይረሳል። ቆመው ያዩትም የሚማሩት ጥፋትን እንዴት እንደሚደብቁ ነው። ሌላም አለ። ጸሐፊው እንደሚሉት ጠንካራ አለቃ አስፈላጊ ሲሆን ያሰናብታል። ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በማርፈድ ሰውን ወዲያውኑ ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድን ይጠይቃል፤ ያውም ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሳለ። ከሥራ መቅረትም በስድስት ወር አምስት ቀን ነው፤ እሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሰማው ጩኸት ፋይል ውስጥ አይገባም። ዝም ብሎ፣ ለብቻ ጠርቶ፣ ጽፎ የሰጠው አለቃ ነው ጉዳዩ ሲመጣ መልስ የሚኖረው።

አራተኛው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሕግ የሚለው ነው። ሐዋሳ የሠራ ሰው ይህን ሲጽፍ ትንሽ ገርሞኛል። ፊቼ ጫምባላላን አያውቁም ልል አልችልም።

ለማያውቅ፣ ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚቆርጡት ኮከብ የሚያዩት አያንቶዎች ናቸው። ስለዚህ መስከረም ላይ ሆናችሁ የዓመቱን የፈቃድ ሰሌዳ ስትሠሩ ቀኑን እንደ ገና ቆርጣችሁ አታስገቡትም። ቀኑ ሲታወቅ ደግሞ ልጆቹ ከበዓሉ ቀደም ብለው ቤተሰብ ዘንድ መድረስ ይፈልጋሉ። አንዱ አለቃ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፤ ማንም ፈቃድ የለውም» ብሎ ይለጥፋል። የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ግማሹ ማሽን ባዶ ነው። ስልክ ቢደወል አይነሳም። ሌላው ወሬው ገና ሲሰማ ሰብስቦ ይጠይቃል። ማን የግድ መሄድ አለባት? ማን ለመስቀል፣ ማን ለገና፣ ማን ለኢድ ትፈልጋለች? ልጆቹ ራሳቸው ይቀያየራሉ፤ «አንቺ አሁን ሂጂ፣ እኔ በገና እሄዳለሁ» ይባባላሉ። ላይኑ ሳስቶ ይሠራል እንጂ አይቆምም። ሁለተኛው አለቃ አዳልቷል? ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አልሰጠም። ማንም ግን ተበደልኩ አላለም። ምክንያቱም ማን ለምን እንደሄደች ሁሉም ያውቃል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። ከገጠር የመጣች፣ ሲዳምኛ አፏን የፈታችበት ልጅ ላይ በአማርኛ በፍጥነት አዝንባችሁ «ገባሽ?» ብትሏት «አዎ» ትላለች። ሁሌም «አዎ» ነው። «በይ አሁን አንቺ ሥሪና ልይሽ» ማለት ያስፈልጋል። ለአዲስ አበባዋ ልጅ ይህ ላያስፈልግ ይችላል። ሁለቱን በእኩል ዓይን ማየት ማለት ሁለቱም ሥራውን እስኪችሉ መቆየት ነው፤ ጊዜው ለአንዷ አምስት ደቂቃ፣ ለሌላዋ ግማሽ ቀን ቢሆንም።

አምስተኛው «አላውቅም» አለማለት ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ልታስወጣ እንደሆነ ተሰማ። ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ፓርኩ ውስጥ የነበረውን ወሬ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንዱ ሊዘጋ መሆኑ በኅዳር ወር ተነገረ። ቀሪው ሰው «እኛስ?» ይላል። ምሳ ላይ፣ ሰርቪስ ላይ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ሌላ ወሬ የለም።

አለቆቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዱ ደረቱን ነፍቶ «ምንም የሚነካን የለም፣ ሥራችሁን ሥሩ» አለ። ከየት አመጣው? እሱም እንደ ሠራተኛው ዜና ነው የሚሰማው። ትዕዛዝ ሲቀንስና ሰው ሲቀነስ ያ ቃሉ አብሮ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ደመወዝ ቀን እንኳ ቢናገር የሚያምነው አልነበረም። ሌላው ደግሞ «እስካሁን አላውቅም። ዓርብ ስብሰባ አለ። የሰማሁትን ዓርብ ከምሳ በኋላ እነግራችኋለሁ» አለ። ዓርብ መጣና የሚነግራቸው አዲስ ነገር አልነበረውም። ቢሆንም ቆሞ «ዛሬም አዲስ ነገር የለም» አላቸው። በዚህ ቃሉ ሰው አልናቀውም። ሌላ ቦታ ሥራ ያገኘችው ልጅ እንኳ ሹልክ ብላ ከመጥፋት ቀድማ ነገረችው፤ ተተኪ የሚያሰለጥንበት ጊዜ አገኘ። መጥፎ ወሬ ቶሎ ይደርሰዋል ያልኩት ይህን ነው።

«አላውቅም» ብሎ መተው ግን እንዳይመስላችሁ። መቼ እንደሚያውቅ መናገር አለበት፤ በተባለውም ቀን መቅረብ አለበት።

የቀረው ስድስተኛው ነው፤ ሥራው ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ። ግማሹን እቀበላለሁ ያልኩት ይህን ነው። ሠራተኛውን አምሽቶ እንዲሠራ አድርጎ ራሱ በጊዜ የሚወጣ አለቃ አያምርበትም። ሰው ካመሸ አለቃውም ያምሽ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ በደንብም ጽፈውታል።

ሌላው ግማሽ ግን ከሕግም ከሥራም ጋር ይጋጫል። በዚያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ያውም ለአጣዳፊ ጉዳይ ነው። ክፍያው በአዘቦት ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ላይን የሚመራ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ መያዝ አለበት፤ ልጆቹ ይዘዋቸዋልና።

ሥራውንም እንይ። አንድ ጊዜ ማምሸት ያጋጥማል። መርከቡ እንዳያመልጥ የተቆረጠ ቀን አለ፣ ጨርቅ ዘግይቶ ገብቷል። በየሳምንቱ የሚያመሽ ላይን ግን ችግሩ ቀን ላይ ነው ያለው። ታርጌቱ ከሰው ቁጥር በላይ ነው፣ ወይ አንድ ማሽን ላይ ሥራ እየተከመረ ነው፣ ወይ ተበላሽቶ የሚመለሰው ሥራ (ሪጄክቱ) በዝቷል። ሰውን በማቆየት ይህ አይታይም፤ ይሸፈናል። ከድካም በኋላ የተሰፋው ደግሞ ጠዋት ተፈትቶ እንደገና ሲሰፋ አያለሁ።

ከዚያ መንገዱ አለ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሚከራዩት ርካሽ በሆነበት፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ ሰፈር ነው። ባጃጁ አስፋልት ላይ ያወርዳቸውና የቀረውን መንገድ በስልክ መብራት ይሄዱታል። ስለዚህ እኔ ለማሰለጥናቸው ልጆች የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው። ሰው ከማቆየታችሁ በፊት ለሰርቪስ ክፍሉ ደውሉ። መኪናው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና እስከ የት እንደሚያደርስ ጠይቁ። ሹፌሩ የለም ከተባላችሁ ኦቨርታይሙን ሰርዙና ለበላያችሁ ዛሬውኑ ንገሩ፤ ትዕዛዙ እንደማይደርስ ነገ ከሚሰማ ዛሬ ይስማ።